የአቶ ሽበሺ ቀኝ እጅ

ዶክተር አንዳርጌ ሽበሺ ከሠላሳ ዓመት በፊት የሞቱትን አባቱን ኅዳር ውስጥ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ መልሶ ሠራቸው። ሥራው አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። አባትየው ደብረ ብርሃን በሚገኘው የቤተሰቡ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ተገኙ። ግራጫ ኮት ለብሰዋል። ግንባራቸው ላይ፣ በስተግራ በኩል፣ ሽንብራ የምታህል ኮከብ አለች። ቀኝ እጅ የላቸውም፤ የኮቱ እጅጌ ባዶውን ተንጠልጥሏል።

«እንደምን አደራችሁ?» አሉ። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። ይሄኛው ጉድ የተሰማው መስከረም ከጠባ በኋላ ስለሆነ ሰፈሩ ብዙም አልተደነቀ። የዕድሩ ሰዎች መጥተው «እንኳን ደህና መጡ» አሉ፤ ጎረቤቶች ስለ እጁ «በጦርነት ነው» ተባባሉ፤ በቃ፣ ይኸው ነው።

መንበረ ወሬውን የሰማችው ጂንካ ሆና ነው። መንበረ የአቶ ሽበሺ ሁለተኛ ልጅ ናት፤ ሃምሳ ዓመቷ ነው፤ ጎሚስታ ናት። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ከቤት ወጥታ እዚያ እስክትደርስ አልቆመችም፤ ከደረሰች በኋላም የተመለሰችው ለለቅሶ ብቻ ነው። የከባድ መኪና ጎማ ብቻዋን ታወርዳለች። ከሻሿ ሥር ግራ ጉንጯ ላይ የአምስት ጣት ምልክት አለ፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ አልለቀቀም። የደወለችላት ታናሽ እኅቷ ጌጤ ናት።

«እትዬ፣ አባባ መጥተዋል።»

«የትኛው አባባ?»

«የኛው ነዋ! አንዳርጌ ሠራቸው።»

«ምን አሉ?»

«ምንም። ‹እንደምን አደራችሁ› አሉ።»

«እንግዲያው እሳቸው አይደሉም» አለች መንበረ፤ ስልኩን ዘጋችው።

ዶክተሩ እንዴት እንደሠራቸው ማወቅ ለሚፈልግ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። አንዳርጌ ሙያው ቃል ነው። ሕንድ አገር፣ ፑኔ ከተማ፣ አሥራ አራት ዓመት ተቀምጦ ፕራክሪት የሚባሉትን የጥንት መነጋገሪያዎች አጥንቷል። ሂንዲው፣ ጉጅራቲው፣ ማራቲው፣ ቤንጋሊው ሁሉ የእነሱ ልጅ ነው። ከጥንቶቹ ቃላት ብዙው በመጽሐፍ ተጽፎ ተገኝቷል፤ ያልተጻፈውን ደግሞ ከልጆቹ መልሶ ማግኘት ይቻላል። የልጆቹ ቃል በየካርዱ ይጻፍና ጎን ለጎን ይደረደራል። የሚስማሙበት ይወሰዳል። አንዱ ብቻ ያለው ነገር «ይሄ የወረሰው ሳይሆን ራሱ ያመጣው ነው» ተብሎ ይጣላል። በመጨረሻ ለተገኘው ቃል ከፊቱ ኮከብ ይደረግለታል። ኮከቡ ማለት፦ ይህን ቃል የሰማ የለም፣ ተጽፎ ያየም የለም፣ ግን ሳይኖር አይቀርም ማለት ነው።

ዶክተሩ አገሩ ሲመለስ ፕራክሪት የሚፈልግ ሰው አጣ። ሠላሳ ሁለት መሳቢያ ሙሉ ካርድ እናቱ ቤት ደርድሮ ሦስት ዓመት ተቀመጠ። ከዚያ የአባትየው ሠላሳኛ ሙት ዓመት ደረሰ። አቶ ሽበሺ በሕይወት ሳሉ ፎቶ አልተነሱም፤ ሊያነሳቸው የደፈረም የለም። ጌጤ «ግድግዳ ላይ የምንሰቅላት አንዲት ፎቶ እንኳ የለንም» ብላ አለቀሰች። አንዳርጌ «ፎቶ ምን ያደርጋል?» አለ። ታላቅ ወንድሙን ተክሉን፣ ጌጤንና ራሱን ሦስት ካርድ ላይ ጻፈ። አራተኛው ካርድ የመንበረ ነበር፤ ከሦስቱ ጋር ሊገጥምለት ስላልቻለ ወደ ጎን አደረገው።

ይህ ሁሉ ሆኖ መንበረ ላትመጣ ትችል ነበር። ያመጣት የተክሉ ስልክ ነው። ተክሉ የዕድር ዳኛ ነው፤ ሲናገር ደብዳቤ የሚያነብ ይመስላል።

«መንበረ፣ ቅዳሜ የመቃብሩ ድንጋይ ይቆማል። ጽሑፉን ላንብብልሽ። ‹አቶ ሽበሺ ወልደአረጋይ፤ ቸር፣ ገር፣ በሰው ላይ እጁን አንስቶ የማያውቅ።›»

«ማን?»

«አባባ።»

«ቆይ፣ ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል አላላችሁም? ለተቀመጠ ሰው የምን መቃብር ነው?»

«መቃብሩ የቀድሞው ነው። ይሄኛው በኮከብ ነው ያለው። አይጋጭም።»

መንበረ ጎማ ቤቷን ቆለፈች፤ ቁልፉን ለጎረቤት ሰጠች፤ አውቶቡስ ተሳፈረች። ሁለት ቀን ሙሉ መስኮት ተደግፋ ጥርሷን ነክሳ ሄደች። አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ብስኩት ሲጋብዛት «በሰው ላይ እጁን አንስቶ የማያውቅ!» አለችው። ሰውዬው ብስኩቱን ወደ ኪሱ መለሰ።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ደረሰች። አቶ ሽበሺ ስትገባ ከሶፋው ተነሡላት። ይሄ ብቻውን ደሟን አፈላው፤ አባቷ ለማንም ተነሥቶ አያውቅም።

«መንበረ ነሽ? ብዙ ሰምቻለሁ» አሉና ግራ እጃቸውን ዘረጉ።

አልጨበጠችም። «ቀኝ እጅዎ የት ሄደ?»

«አልተሰጠኝም» አሉ በትሕትና።

እናቷ ወይዘሮ አስካለች ጓዳ በራፍ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ግራ ጆሮዋ አይሰማም፤ ስለዚህ ሰው ሲያናግራት ቀኙን ታዞራለች። ልጇን ሳመቻትና ወደ ምስሩ ተመለሰች። በምሳ ሰዓት ወጥ አቀረበችላቸው፤ «እግዜር ይስጥልኝ» አሏት፤ ልክ እንደ እንግዳ አጎንብሳ ተቀበለች።

መንበረ ከምሳ ተነሥታ በቀጥታ መሳቢያዎቹ ወዳሉበት ክፍል ገባች። አንዳርጌ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ካርድ ይደረድራል።

«አንዳርጌ፣ የአባባ እጅ የት አለ?»

«መረጃ የለውም፣ እትዬ።»

ሻሿን ፈታችና ጉንጯን አዞረችለት። «ይሄስ?»

መነጽሩን አወረደ፤ ጎንበስ ብሎ አየ። ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ ጣት ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የቀለበቱ ቦታ ሳይቀር። «ይሄ ካርድ አለው» አለና ከታችኛው መሳቢያ አንድ ካርድ ሳበ። አነበበላት። «ግራ ጉንጭ፣ አምስት መስመር። በአንድ ልጅ ላይ ብቻ የተገኘ። ጂንካ የበቀለ። ምንጩ ያልታወቀ።»

«ጂንካ የበቀለ?»

«በሦስቱ ላይ የለማ! ከአባት ቢመጣ ኖሮ ሌሎቹም ላይ ይገኝ ነበር።»

«የእማዬስ ጆሮ?»

«እማዬ የእሳቸው ልጅ አይደለችም። በሙያችን አነጋገር ጎረቤት ናት። ጎረቤት ላይ የተገኘ ነገር ውሰት ሊሆን ስለሚችል አይቆጠርም።»

ሃያ ስድስት ዓመት አንድ አልጋ ላይ የተኛችውን ሴት ጎረቤት! በዚያች ደቂቃ የጎማ መፍቻው መንበረ እጅ ላይ ቢሆን ኖሮ ሠላሳ ሁለቱም መሳቢያዎች አልቆላቸው ነበር። መፍቻው ግን ጂንካ ነው።

ድምፁን ሰምተው ተክሉና ጌጤ መጡ። ተክሉ እጁን ኋላው አጣምሮ «ሙት ወቃሽ አትሁኚ» አላት።

«የታል የሞተው? ያው ሶፋ ላይ ሻይ ይጠጣል! ጋሼ፣ አንተን ምሰሶ ላይ አስሮ አልገረፈህም? ሸሚዝህን አውልቅና ጀርባህን አሳየን እስቲ!»

«አላስታውስም። ዝም አይነቅዝም።»

«አንቺስ?»

ጌጤ ወለሉን እያየች «እኔን አባባ ነክተውኝ አያውቁም» አለች። «አሁን ደግሞ ማታ ማታ ተረት ይነግሩኛል። አርባ አራት ዓመቴ ነው፣ እትዬ። ተረት የነገረኝ ሰው የለም። ተይኝ በቃ።»

«ላም ባልዋለበት ኩበት ትለቅማላችሁ!» ብላ መንበረ በሩን በላያቸው ላይ ወርውራው ወጣች።

ነገር ግን ባዶ እጇን አልመጣችም። በማግስቱ ጠዋት ከሻንጣዋ አንድ ደብዳቤ አውጥታ አንዳርጌ ፊት አስቀመጠች። ራሱ የጻፈው ነው፤ ከፑኔ፣ በተማሪነቱ ዘመን። አሥራ ስድስት ዓመት አስቀምጣዋለች፤ ጥግ ጥጉ ላይ የግራሶ አሻራ አለበት።

«አንብበው። ጮክ ብለህ።»

አነበበ። «‹እትዬ፣ ዛሬ የተማርኩት ነገር አንቺን አስታወሰኝ። እጅ ማለት በሂንዲና በጉጅራቲ ሃትህ፣ በማራቲና በቤንጋሊ ሃት ነው። ጥንት ግን ሃስታ ነበር። መሐሉ ላይ የነበረችውን የስ ድምፅ፣ ቤት የቀሩት ልጆች ሁሉ ጥለዋታል። እነሱን ብቻ ብንጠይቅ ኖሮ መኖሯንም አናውቅም ነበር። ያቆያት ማን መሰለሽ? ሮማኒ ነው። ተናጋሪዎቹ ከሺህ ዓመት በፊት ከሕንድ ወጥተው በየአውሮፓው የተንከራተቱ ሕዝቦች ናቸው፤ እጅን ቫስት ይላሉ። ብቻውን ርቆ የሄደ ልጅ ቤት የጠፋውን ይዞ ይገኛል። አንቺም እንደዚያው ነሽ...›»

ድምፁ እዚህ ላይ ቆመ። ደብዳቤውን አጠፈው፤ መልሶ ዘረጋው፤ እንደገና አጠፈው።

«ተሳስቻለሁ» አለ በመጨረሻ። ዶክተሩ ክፉ ልማድ ቢኖረውም በሙያው ላይ አይዋሽም፤ ይህን አንነፍገውም። «ሦስት ለአንድ ብዬ ቆጠርኩ። እንዲህ ያለ ስሕተት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነው የሚሠራው።»

«እንግዲያው አስተካክል።»

«ማስተካከል ቀላል ነው። ቃልሽን እጽፋለሁ፣ ካርዱ ከሦስቱ ጋር ይገባል። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ከጻፍኩት እጁ ይመጣል። እዚሁ ቤት፣ እማዬ ባለችበት። በከፊል መጻፍ የሚባል ነገር የለም።»

መንበረ ይህን አላሰበችውም ነበር። ዝም ካለች ቅዳሜ ውሸቱ ድንጋይ ላይ ይቆማል፤ እሷም ጂንካ የበቀለች፣ ምንጯ ያልታወቀ ሆና ትቀራለች። ከተናገረች ደግሞ ያንን እጅ በገዛ አፏ እናቷ ጓዳ ታስገባዋለች። «ላስብበት» አለች። ማሰብ እንዳለባት ማወቋም አናደዳት።

ግቢ ወጥታ የጎረቤት ብስክሌት ከመነዳሪ መለጠፍ ጀመረች፤ እጇ ሲሠራ ነው የምታስበው። አቶ ሽበሺ በግራ እጃቸው ወንበር ጎትተው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ እጄ አንቺ ጋ ነው ይላሉ።»

«አለ።»

«ምን ያደርግ ነበር?»

«ይመታ ነበር።»

«ማንን?»

«በቅርብ የተገኘውን።»

አሰቡ። ኮከቧ ግንባራቸው ላይ ትንሽ ከፍ ዝቅ አለች። «አላውቀውም» አሉ። «የዋሸሁሽ እንዳይመስልሽ። የሰጡኝን ሁሉ ፈትሻለሁ፤ የለም።»

ፊታቸውን ትክ ብላ አየችው። አልዋሹም። ከሁሉ የባሰው ይሄ ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ የምትለውን አዘጋጅታ ነበር፤ ጎማ ስትፈታ፣ ጎማ ስትገጥም፣ አንድ በአንድ። አሁን የምትለው አለ፣ የምትለው ሰው ግን የለም። እዚህ ያለው ተረት የሚናገር ሽማግሌ ነው። ሊሰደብ እንኳ አይመችም።

«ብትሰጪኝ ደስ ይለኛል» አሉ ሲነሡ። «የኮት ቁልፍ መቆለፍ በግራ ያስቸግራል።»

እናትየዋ ይህን ሁሉ ከጓዳ በራፍ ሆና ታይ ነበር። ሰውዬው እንደራቁ ልጇን ጠራቻት።

«ስጪው» አለቻት።

«እማዬ!»

«ስጪው እልሻለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ለማላውቀው ሰው ወጥ እሠራለሁ። ደግ ሰው ነው፣ እግዜር ያክብረው። ግን እኔ ከደግ ሰው ጋር ምን ጉዳይ አለኝ? የምለው ነገር ያለኝ ከሌላው ጋር ነው። ሳልላቸው ሞቱብኝ።»

«ቢመታሽስ?»

«አንድ ጆሮ ቀርቶኛል፤ እሱን እጠብቃለሁ» አለችና ከምስሩ መሐል አንዲት ጠጠር ለቅማ ወረወረች።

ዓርብ ጠዋት ድንጋይ ጠራቢው አቶ ማንደፍሮ መጣ። የመቃብሩ ቦታ ቁልቁለት ስለሆነ አይመችም ብሎ ድንጋዩን ግቢው መሐል አጋድሞ መቅረጽ ጀመረ። እያንዳንዱ የመሮ ምት ቤት ድረስ ይሰማል። አራት ሰዓት ላይ «ቸር» አለቀ። አምስት ሰዓት ላይ «ገር» አለቀ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል የመጨረሻውን ሐረግ ያዘ። መንበረ እያንዳንዷን ፊደል ጥርሷ ላይ ቆጠረች፤ ከዚያ ብድግ ብላ አንዳርጌ ክፍል ገባች።

«ጻፍ።»

አዲስ ካርድ አወጣ። «ምስክር?»

«መንበረ ሽበሺ።»

«ቀን?»

«ሐምሌ አምስት። ከሰዓት። ዝናብ ነበር።»

«ምክንያት?»

«ራዲዮኑን ዘጋሁት።»

«ለምን ዘጋሽው?»

«ባትሪው እንዳያልቅበት። የተኛ መስሎኝ።»

«ከዚያስ?»

«በቀኝ እጁ። በሩ ጋ ነበርኩ። ግራ ጉንጬ ላይ። እማዬ መሐል ገባች፤ ሁለተኛው እሷ ላይ አረፈ፣ ግራ ጆሮዋ ላይ። ደም ወጣው። ሦስተኛውን ሊያነሳ ሲል በሩ ክፍት ነበርና ወጣሁ።»

«ወዴት?»

«ጂንካ።»

ጽፎ ጨረሰ። ብዕሩን ሊከድን ሲል «አንተ የት እንደነበርክ አልጠየቅከኝም» አለችው። «አልጋ ሥር ነበርክ። ስድስት ዓመትህ ነበር። ብርድ ልብሱን ነክሰህ ይዘኸው ነበር።»

ዶክተሩ ይህን አልጻፈውም። ካርዱን ከሦስቱ ጋር አስገባና መሳቢያውን ዘጋው።

እጁ ከምሳ በፊት ደረሰ። አቶ ሽበሺ መስኮቱ ጋ ቆመው እያገላበጡ ያዩታል። ከሌላው ሰውነታቸው ጋር አይሄድም። እሳቸው ሽማግሌ ናቸው፤ እጁ ግን የአርባ አምስት ዓመት ሰው እጅ ነው። ጅማቱ የወጠረ፣ አንጓው ላይ ጠጉር ያለበት፣ የብር ቀለበት ያጠለቀ። «ከባድ ነው» አሉ።

መንበረ መስታወት ፊት ሄደች። ጉንጯ ባዶ ነበር። በጣቷ አሸችው፤ ጎተተችው፤ ምንም የለም። ያኔ ነው የሠራችው ነገር የገባት። ሠላሳ ሦስት ዓመት ይዛው የዞረችውን አንድ ማስረጃ አስረክባለች። ከእንግዲህ ማንም ቢጠይቃት የምታሳየው የላትም።

ተክሉ ይህን ለመረዳት ጊዜ አልወሰደበትም። ግቢ ውስጥ ቤተሰቡን ድንጋዩ ዙሪያ ሰብስቦ አባቱን አስቀደመ፤ ቁልፋቸውን በቀኝ እጃቸው ቆልፈው ነበር።

«ይኸው» አለ። «እጅ አላቸው። እሰይ፣ እንኳን መጣላቸው። ታዲያ ምን አደረገ? ማንን መታ? መንበረ፣ በእጁ በኩል እውነት ብለሻል፤ በሌላው በኩል ግን ስም አጥፍተሻል። አቶ ማንደፍሮ፣ ይቀጥሉ።»

«ልክ ነው» አለች ጌጤ። «እጁ ደግ እጅ ነው።»

አቶ ማንደፍሮ መዶሻውን አነሣ። ሐረጉን ጨረሰ። ዱቄቱን እፍ ብሎ አራገፈና ሁሉም እንዲያዩት ገለል አለ። «በሰው ላይ እጁን አንስቶ የማያውቅ።» ፊደሉ ያምራል፤ ሰውዬው ሥራውን ያውቃል።

አቶ ሽበሺ ጽሑፉን አንብበው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ዞረው ልጆቻቸውን አንድ በአንድ አዩ።

«ልመርቃችሁ፣ ልጆቼ» አሉ።

እጃቸውንም አነሡ፤ ሽማግሌ ሊመርቅ ሲል እንደሚያነሣው፣ መዳፉን ከፍተው፣ ከጆሯቸው ከፍ አድርገው።

የዕድሩ ዳኛ ተክሉ፣ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው፣ በቆመበት ተሰብስቦ መሬት ላይ ቁጢጥ አለ፤ ሁለት ክንዱን ራሱ ላይ ደረበ። ጌጤ ከውሃ ታንከሩ ኋላ ነበረች፤ መቼ እንደደረሰች ማንም አላየም። ዶክተር አንዳርጌ አልጋ ፈልጎ ስላጣ ከመቃብሩ ድንጋይ ሥር ለመግባት እየተፍጨረጨረ ነው፤ የጋቢውን ጫፍ ነክሶ ይዟል። ወይዘሮ አስካለች በሁለት መዳፏ ቀኝ ጆሮዋን ሸፈነች። ይህ ሁሉ የሆነው እጁ ገና ሽቅብ ሳለ፣ በአንድ ጊዜ፣ ያለ አንዳች ድምፅ ነው። መንበረ ብቻ አልጎነበሰችም። የእሷን አስረክባለች።

አቶ ማንደፍሮ መሮው ከእጁ ወደቀ። «አበስኩ ገበርኩ! ምን ሆኑ?»

«ልመርቃቸው ነበር» አሉ አቶ ሽበሺ። «ለምንድነው እንዲህ የሚሆኑት?»

ትንሽ ቆይቶ ከድንጋዩ ሥር የአንዳርጌ ድምፅ ተሰማ። ድምፁ የተረጋጋ ነበር። «ሦስት» አለ። «ሦስቱም ላይ አለ።» እየዳኸ ወጣ፤ ጉልበቱን አራገፈ፤ ወደ አባቱ ሄደና ኮከቧን በጥፍሩ ከግንባራቸው ላይ ላጣት። አሁን የሰማም፣ ያየም አለ። ለታየ ነገር ኮከብ አይደረግም።

ፊታቸው ላይ የነበረው ልስላሴ ከኮከቧ ጋር አብሮ ተነሣ። ዓይናቸው ጠበበ። መንጋጋቸው ገጠመ። ተረት የሚናገረው ሽማግሌ እዚያ አልነበረም።

ወይዘሮ አስካለች መዳፏን ከጆሮዋ ላይ አነሣች። በሕይወቷ ሙሉ ባሏን አንቱ ስትል ኖራለች። ቀስ ብላ ሄዳ ከተነሣው እጅ ሥር ቆመች።

«አሁን መጣህ» አለችው።

ከዚያ ወደ ጆሮው ተጠግታ የምትለውን ጀመረች። ምን እንዳለች ግቢው ውስጥ ያለ ሰው አልሰማም፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ብቻ ይታያል። ከምሳ ሰዓት ጀምራ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አላቆመችም። እጁ አልወረደም። ሊያወርደው ሲሞክር ክንዱ ይንዘፈዘፋል፤ መልሶ ይቆማል።

መንበረ ኮከቧን ከአንዳርጌ መዳፍ ላይ ወስዳ ለአቶ ማንደፍሮ ሰጠችው። «ከ‹ቸር› ፊት ትከላት» አለችው። እሱም ጉድጓድ ቆፍሮ በሲሚንቶ ተከላት። ድንጋዩ ቅዳሜ እንደተባለው ቆመ። መንገደኛ ሁሉ ጌጥ ይመስለዋል።

እሑድ ጠዋት መንበረ ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ አባቷ ግቢው መሐል እንደቆመ ነበር። እናቷ ልብስ አጥባለች። የማስጫውን ገመድ አንድ ጫፍ ባሕር ዛፉ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ በተነሣው እጅ አንጓ ላይ አጥብቃ አስራዋለች። ጣቶቹ አንዳንዴ ሊታጠፉ ይሞክራሉ። ያን ጊዜ ቤት ውስጥ ቁርስ ላይ ያሉት ሦስቱ ጎንበስ ይላሉ፤ ከዚያ ቀና ብለው ይጎርሳሉ።

«ደስ አለሽ?» አላት ተክሉ ከመስኮቱ።

«አላለኝም» አለች መንበረ። ሻሿን ፈታችና ለእናቷ አቀበለቻት። ወይዘሮ አስካለች ሻሹን ውሃ ነክራ ጨመቀችው፤ ተንጠራርታ አምስቱ ጣቶች ላይ ዘረጋችው፤ ከዚያ ከአፏ የልብስ መቆንጠጫ እያወጣች አንድ በአንድ፣ ከትንሿ ጣት ጀምራ፣ ቆነጠጠቻቸው።